ጣት ጠዋት፣ ዓይን ከሰዓት

ድሮ አውራ ጣት ክብር አልነበራትም። ፊደል የቆጠረ ይፈርማል፤ ያልቆጠረ ጣቱን ቀለም ከጠገበው ፓድ ላይ አሳርፎ፣ ጸሐፊው በእስክሪብቶ ክብ ያበጀለት ቦታ ላይ ይጫናል። ከዚያ ጣቱን በምን ይጥረገው? በግድግዳ። የድሮ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ያስታውሰዋል፤ ከበሩ አጠገብ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ኖራው ወይን ጠጅ ሆኖ ይታይ ነበር። ግብር የከፈለው፣ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደው፣ የተካሰሰው፣ የታረቀው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ዛሬ ቢሆን ያንን ግድግዳ የመረጃ ቋት ብለው ዘበኛ ያቆሙለት ነበር።

መሠረተ ትምህርት የመጣው ይህችን ጣት ሊያሳርፋት ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተሰጠ። የወረዳችን የዳሮ ለቡ ገበሬም ማታ ማታ ኩራዝ ሥር ተቀምጦ ኦሮምኛውን በሀ ሁ ቆጠረ። ዩኔስኮ ሳይቀር ሸልሞበታል። በከተማችን በመቻራ ግን ሽልማቱን የሚያነሳ ሰው የለም፤ የሚነሳው ፊርማ ነው።

ጎረቤቴ ሐጂ የዚያ ዘመቻ ፍሬ ናቸው። ፊርማቸው በስማቸው ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ሲል ሁለት ነጥብ ተደርጎበት ይቆማል። የአፎሻው፣ ማለትም የእድሩ፣ ጸሐፊ እሳቸውን ካስፈረመ በኋላ አንድ መስመር ዘሎ ነው ቀጣዩን ሰው የሚያስፈርመው። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ፓድ ያቀረበላቸውን ጸሐፊ ለረጅም ጊዜ ሰላም አላሉትም ይባላል።

እንግዲህ ባንክ ቤት ቆመው "የፋይዳ መታወቂያ ያምጡ፤ ለዚያ ደግሞ አሻራ ይሰጣሉ" የተባሉት እኒህ ሰው ናቸው።

"የትኛዋን ጣት?"

"አሥሩንም።"

ያን ቀን ማታ ደጃፋቸው ተቀምጠው ለመንገደኛው ሁሉ ሲናገሩ ነበር። "አንዷን ጣት ለማስመለጥ ክረምቱን ሙሉ ተማርኩ፤ አሁን ዘጠኝ ወንድሞቿን ይዘህ ና ይሉኛል!"

መቻራን ለማያውቅ፣ ከጭሮ ተነስቶ በበዴሳና በገለምሶ አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው የሚያገኛት ከተማ ናት፤ ቡናዋ "የሐረር ቡና" እየተባለ በሌላ ከተማ ስም የሚሸጥባት። ሰው እዚህ በመልክ ብቻ ሳይሆን በሳሉ ይታወቃል። በጨለማ ከርቀት የመጣ ሰው ገና ሲያስል "ማንትስ ነው፤ ከገለምሶ ተመለሰ" ይባልለታል። ለእንደዚህ ያለ ሕዝብ "ማን እንደሆንክ አረጋግጥ" ማለት መጀመሪያ ላይ እንደ ስድብ ቢቆጠር አይፈረድም።

ግን አዋጅ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ አዲስ የባንክ ሒሳብ ያለ ፋይዳ አይከፈትም ተባለ፤ ቀስ እያለም ወደ እኛ ወረደ። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ፊት። ምዝገባው በነፃ ነው። ተራው ሲደርሰን መዝጋቢዎቹ አንድ ላፕቶፕ፣ አራት ጣት አንዴ የሚቀበል መስታወት፣ የወታደር መነጽር የመሰለ የዓይን ካሜራና ከጀርባ የሚሰቀል ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። ጨርቁ ንፋስ በመጣ ቁጥር የሚያዘው በወረፋተኛው ነው።

መዝጋቢዋ ልጅ ከሌላ አገር የመጣች ጨዋ ናት። ሐጂን "እርስዎ ይቀመጡ" ስትላቸው ዞረው ከኋላቸው ማን እንደቆመ አዩ። ሐረርጌ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው ፍርድ ቤት ካልሆነ አይገኝም።

"አቦ፣ አንተ በይኝ! ሌላ ሰው አብሮኝ የተቀመጠ ይመስለኛል።"

"እሺ ሐጂ። መቼ ነው የተወለዱት?"

"በአንበጣው።"

"በ2012?"

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ የምታውቀው አንበጣ በ2012 ዓ.ም. የሐረርጌን ማሽላ የበላውን ነው። የሐጂ አንበጣ ግን በ1950 አካባቢ የመጣው ነው፤ የሳቸው እናት በልጅና በሰብል መሃል ሆነው ቆርቆሮ ሲደበድቡ ነው አሉ ምጡ የመጣው። ይህ ሁሉ ታሪክ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ሁለቱ ተነጋግረው መስከረም 1 ላይ ታረቁ። መቻራ ውስጥ ግማሹ ሰው የተወለደው መስከረም 1 ነው። አዋላጆቹ ያን ቀን እንዴት እንደቻሉት አላህ ይወቅ።

ስም ላይ ግን እኔ በግልጽ ከማሽኑ ጎን ነኝ። አህመድ መሐመድ አህመድ ብለህ ገበያ መሃል ብትጣራ የሚዞረውን ሰው ለመቁጠር ቀበሌው ይቸገራል። ከተማው ይህን በዘዴ ነው የያዘው፤ አህመድ ባጃጅ፣ አህመድ ጀንፈል፣ አህመድ ቀዩ፣ አህመድ ጅቡቲ እያለ። ባንክ ደግሞ "ቀዩ" ብሎ አይጽፍም። የአንዱ እህት ከዓረብ አገር የላከችው ብር በሌላው ሒሳብ ገብቶ ሽማግሌ የተቀመጠበትን ጊዜ አውቃለሁ፤ ተቀባዩም እህት ስለነበረችው "የኔ ናት የላከችው" ብሎ ከልቡ ተከራክሯል። ፋይዳ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ አዲስ የመጣውን አሻራና ዓይን ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር አስተያይቶ፣ ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ከሆነ "ይህንንስ አውቀዋለሁ" ይላል። ብሔርም አይጻፍበትም። የቀበሌ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ይዞ ብዙ ኬላ ያለፈ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አያየውም።

ወደ ጣቱ እንመለስ። ሐጂ የቀኝ እጃቸውን አራት ጣቶች መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ማሽኑ ቀይ አበራ።

"ጫን ያድርጉ ሐጂ።"

ጫን አደረጉ፤ ጠረጴዛው ተንቋቋ። ቀይ።

"አይ፣ ቀለል ያድርጉ።"

ቀይ። ልጅቷ መስታወቱን በሶፍት ጠረገች፣ የሳቸውን ጣት ጠረገች፣ ከቦርሳዋ ቫዝሊን አውጥታ ቀባችላቸው፣ መልሳ ጠረገች። ቀይ። በመጨረሻ መዳፋቸውን ገልብጣ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። እኛም አንገታችንን አስግገን አየን። የጣታቸው ጫፍ ላይ የሚታየው መስመር የስንጥቅ መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ዶማና ዶንጎራ፣ የማሽላ አገዳ፣ ሲያሰጡና ሲሰበስቡት የኖሩት ጀንፈል ጠርጎታል። አውራ ጣታቸው ደግሞ ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ ወፍሮ፣ ጠንክሮ፣ ቫዝሊኑን እንኳ አልጠጣም።

ማሽኑ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከመስታወቱ ሥር ብርሃን ይለቃል፤ የጣት ሸንተረር መስታወቱን የነካበት ቦታና በሸንተረሮቹ መሃል ያለው ሸለቆ ብርሃኑን በየራሳቸው መንገድ ይመልሱታል፤ ከዚያ መስመር የሚያልቅበትን፣ ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ ይለቅማል። ሸንተረር ከሌለ የሚለቀም የለም። መስመሩ የሚሠራው በእናት ማኅፀን ነው፤ ልጅ ሳይወለድ ያልቃል፤ አንድ ዓይነት መንታዎች እንኳ አይጋሩትም። ላዩ ቢፋቅ ሥሩ ስላለ እጁ ሲያርፍ ተመልሶ ይወጣል።

ይህንኑ ልጅቷ በትሕትና አስረዳች። "ሐጂ፣ ለጥቂት ሳምንት እጅዎን ያሳርፉትና ይምጡ።"

"ማሽላውንስ ማን ያርመዋል? አንቺ?"

ከሳቸው ኋላ የቆመው የሠፈራችን ጎረምሳ ነው፤ ፀሐይ የሚያየው ጫት ለመቃም ከበርጫ ቤት በርጫ ቤት ሲሄድ ብቻ ነው። እጁን ገና አሳርፎ ሳይጨርስ አረንጓዴ በራ። ቀኝ አረንጓዴ፣ ግራ አረንጓዴ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች አረንጓዴ። "በአንዴ ነው ያለፍኩት!" እያለ ሲወጣ እናቱ በር ላይ ናቸው።

"ምን ይደንቃል፣" አሉ፣ "ያልተነካ ዕቃ ነው!"

እኔን የሚገርመኝ ይኸው ነው። ያኔ በኩራዝ ዘመን ማንበብ አልቻልክም የተባለው ገበሬው ነበር፤ አሁን መነበብ አልቻልክም የሚባለውም እሱ ሆነ። ሰው በሠራ ቁጥር መንግሥት የሚያውቀው እየጠፋ ይሄዳል። ሐኪሙ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ሰውዬ፣ ጣታችን ለስላሳ ስለሆነ በደንብ እንታወቃለን። የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ ሕንዶች አድሃር የሚሉትን ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከአንድ ቢሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ሲያድሉ፣ ራሽን ሊወስድ ሄዶ ጣቱ እምቢ ያለበት የቀን ሠራተኛና ገበሬ ብዙ ነው። ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ቤንጋል ውስጥ ዊሊያም ኸርሸል የሚባል የእንግሊዝ ሹም፣ የመንገድ መሥሪያ ሊያቀርብለት የተዋዋለውን ኮናይ የተባለ ሰው ሙሉ መዳፉን ቀለም ነክሮ ውሉ ላይ አሳተመው። ሊያነበው አልነበረም፤ ኋላ "አልፈረምኩም" እንዳይል ሊያስፈራራው እንጂ። የኛም ጸሐፊዎች ፓዱን ሲያቀርቡ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ይህን ሰምተው ይሆናል።

ወረፋው ውስጥ አንድ አስተማሪ፣ ዝንጀሮም የጣት አሻራ አለው፣ ኮዋላ የሚባለው የአውስትራሊያ እንስሳ አሻራማ ከሰው ለመለየት ያስቸግራል ብሎ ሲያወራ ሐጂ በጣም ተናደዱ። ማሽላቸውን የሚዘርፈው ዝንጀሮ ተመዝግቦ፣ ማሽላውን የሚጠብቁት እሳቸው ሊቀሩ ነው? አስተማሪው ሊያጽናናቸው ብሎ "እሱም በእጁ ስለሚሄድ ሳይፋቅበት አይቀርም" አለ። ይኸው አስተማሪ ነው ስለ ዋሻዎቹ ያነሳው። ከመቻራ አጠገብ እነ አቸሬ፣ እነ አይናጌ፣ እነ ሩኬሳ የሚባሉ ዋሻዎች አሉ፤ ያኔ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አስፋወሰን አሥራትና የውጭ ባልደረቦቻቸው እዚያ ወለል ላይ በጠብታ ያደገውን ድንጋይ ቆርጠው፣ በየዓመቱ የተደረበውን ስስ መስመር ቆጥረው፣ ያለፈውን ዘመን ዝናብ አንብበውበታል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ መዳፋቸውን ደጋግመው አዩ። "ድንጋዩን ያነበቡትን ሰዎች ጥሩልኝ" አሉ።

ከግድግዳው ተጠግቶ አንድ ዝምተኛ ልጅ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ለልጅቷ ዝቅ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ "ይኼ ማሽን ከጅዳው ጋር ይተዋወቃል?" አላት።

የሳቀ የለም። ከዚህ አካባቢ በጅቡቲ፣ በቦሳሶ፣ በየመን አድርጎ ያልሄደ ልጅ ያለበትን ቤት መፈለግ ነው የሚሻለው። ሳዑዲ ተይዞ አሻራ ሰጥቶ የተባረረ ሰው ስም ቢለውጥ፣ ፓስፖርት ቢለውጥ፣ ጢም ቢያሳድግ፣ ተመልሶ ጣቱን ባስቀመጠ ቁጥር ማሽኑ ያስታውሰዋል። አውሮፓውያንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዩሮዳክ የሚሉት የአሻራ መዝገብ አላቸው፤ አንድ አገር ላይ ጣቱን የሰጠ ሌላው አገር ሄዶ "ገና መምጣቴ ነው" ማለት አይችልም፤ ለዚህ ብለው የጣታቸውን ጫፍ በእሳት የጠበሱ ስደተኞች አሉ። ልጅቷ "አይ፣ ይኼ የአገር ውስጥ ነው" አለችው። ልጁ ግን ዓይኑ ከሐጂ እጅ ላይ አልተነሳም።

"ሐጂ፣ እንዲህ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አርባ ዓመት ዶማ።"

ልጁ አሰበ፤ አሰበና ጣቱን መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

ሐጂን ያዳናቸው ዓይናቸው ነው። በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክብ፣ አይሪስ የሚሉት፣ ዶማ አይደርስበትም። ኬምብሪጅ የነበረው ጆን ዶውግማን የዚያን ክብ ዝንጉርጉር ወደ ቁጥር የሚለውጥበትን ስሌት ካወጣ ወዲህ ዓይን ከጣት የበለጠ ታማኝ ምስክር ሆኗል። እኛ ጋ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሐረርጌ ጠዋት ላይ ዓይኗ ግማሽ ነው። ልጅቷ ረፋዱን ሙሉ "ይክፈቱ... ይክፈቱ... ትንሽ ይክፈቱ" ስትል ነው የምትውለው፤ አንዳንዱን ቅንድቡን ራሷ ይዛለታለች። ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚመጣው ግን ከበርጫ ተነስቶ ነው፤ መርቅኗል፤ ብሌኑ ሰፍቷል፤ ካሜራውን የሚያየው ካሜራው እሱን ከሚያየው በላይ ነው። አንዱማ ካሜራው ከጨረሰ በኋላም አልለቀው ብሎ በሰው ነው ያስነሱት። ነገር ግን የመረቀነ ሰው ያልበዋል፤ ያላበው ጣት ደግሞ መስታወቱ ላይ ይዋኛል። ስለዚህ በከተማው ሕግ ወጣ፤ ጣት ጠዋት፣ ዓይን ከሰዓት። ምዝገባው ግን በአንድ መቀመጫ ነው የሚያልቀው። ብልህ የሆነው ስድስት ሰዓት ላይ፣ በርጫ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ክፍተት ይመጣል። የዚያ ሰዓት ወረፋ ግን አይጣል ነው፤ ደርሶህ ስትቀመጥ ወይ መብራት ይሄዳል፣ ወይ ልጅቷ "ሲስተም የለም" ትላለች።

ሐጂ በልጅቷ ምክር ከሰዓት መጡ። ዓይናቸው በአንዴ አለፈ። የጣቱ ነገር፣ ማሽኑ እንዲህ ላለው ሰው ልዩ መንገድ ስላለው፣ በዚያ ተመዘገበ። በሰነዱ በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አልገጠማቸውም፤ ወረቀት ለሌለው ሰው ቀድሞ ፋይዳ ያወጣ ሰው ይመሰክርለታል፤ ለሐጂ ለመመስከር የተሰለፈው ሰው ከሚመዘገበው በለጠ። ያ ጣቱ ያልተነካ ጎረምሳም አንደኛው ነበር። ሐጂ አዩትና "ይኼ ለኔ መስካሪ ሆነ?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ቢሆንም አልከለከሉትም።

የጣት ነገር ከተነሳ መሥሪያ ቤቶቻችንም አሉ። በፊት የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ነበር፤ አንዱ መጥቶ ለአምስት ጓደኞቹ ይፈርማል። ያንን ለማስቀረት በር ላይ የጣት ማሽን ተተከለ። አሁን ሠራተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሳይቀር ይመጣል፤ ጣቱን ያስነካል፤ ማሽኑ "አመሰግናለሁ" ይላል፤ እሱም አመስግኖ ይሄዳል። ማታ ተመልሶ ያስነካል። ማሽኑ መግባቱን እንጂ መቀመጡን አያውቅም። ቢያንስ ግን የኛ ሰው በእግሩ ይመጣል። ብራዚል ውስጥ፣ ሳኦ ፓውሎ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት ሐኪም ላልመጡ ባልደረቦቿ በሲሊኮን የተሠሩ ጣቶች ይዛ ስታስነካ ተይዛለች። ይህን መቻራ ያወራሁላቸው ሰዎች ስለ ማጭበርበሩ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁት ሲሊኮኑ የት እንደሚገኝ ነው።

ሐጂ ቁጥራቸው ወጣ። የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው ግን መዝጋቢዋ የሞላችው ድሬዳዋ የሚማረውን የልጅ ልጃቸውን ቁጥር ነበር። እሱ ስልክ ላይ የአያቱ፣ የአያቱ ሚስት፣ የሁለት አጎቶቹና የአንድ ጎረቤት ፋይዳ ገብቷል፤ ግማሽ ሠፈር ኪሱ ውስጥ አለ። ሐጂ ባንክ ሄደው ሒሳባቸውን ከፋይዳው ጋር ሊያገናኙ ሲሉ፣ የባንኩ ልጅ ቁጥሩን አስገብቶ "ኮድ ተልኮልዎታል፤ ይንገሩኝ" አላቸው። ስልክ ተዋሱና ደወሉ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

"ሄሎ፣ ኮድ መጥቷል፤ ንገረኝ።"

"አባባ፣ 'ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ' ይላል እኮ።"

"ለእኔ ነው የምትሰጠው!"

"አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ? አጭበርባሪ በዝቷል፤ ድምፅ ያስመስላሉ።"

ሐጂ ፊታቸው ቀላ። ዓይናቸውን ሰጥተዋል፣ ጣታቸውን ሰጥተዋል፣ አሁን ይህ ትናንት ያዘሉት ልጅ! ጀመሩ። ልጁን ሰደቡ፣ ከዚያ "የአባትህ..." ብለው አባቱን ሰደቡ፣ ከዚያ ወደ አባቱ አባት ሲያልፉ ማን ላይ እንደደረሱ ገባቸውና አፋቸውን ያዙ።

"አሃ፣ አባባ ነህ" አለ ልጁ፤ ስልኩ ውስጥ ሳቁ ይሰማል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠራላቸው። ሐጂም አንድ በአንድ ለባንኩ ልጅ አቀበሉ። ልጁ ጻፈ፣ ተጫነ፣ ስክሪኑን አየ።

"ሰዓቱ አልፎበታል ሐጂ። ድጋሚ ልላክ?"